ሰማያዊው ጥላ

እናቴ ሆሳዕና ላይ ወደ ጌታ የሄደችው በታኅሣሥ ወር ነበር። እኔ ስቶክሆልም ነኝ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ቀብሯ ላይ አልተገኘሁም። የቤተ ክርስቲያን ወገኖች መጥተው አብረውኝ አለቀሱ፣ ዘመሩ፣ ጸለዩ። እኔ ከ«አሜን» በቀር ለጌታ የምለው አልነበረኝም። እነርሱ ሲሄዱ አሜኑም ቀረ።

በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሻይ የምንጠጣበት ክፍል ውስጥ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የጃንዋሪው ገጽ የክሎድ ሞኔ ሥዕል ነው፤ «ላ ፒ» ይባላል፣ የወፍ ስም ነው። በረዶ የለበሰ የገጠር ግቢ፣ ከጭራሮ የተጎነጎነ አጥር፣ ትንሽ የእንጨት በር፣ በሩ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ጥቁርና ነጭ ወፍ። ሰው የለም። ሌሎቹ ወፏን ያያሉ፤ እኔ ያየሁት የተዘጋውን በር ነው።

ሞኔ ይህን የሣለው ከ1868 ወደ 1869 እ.ኤ.አ. በተሻገረው ክረምት፣ ኖርማንዲ ውስጥ በኤትሬታ አካባቢ ነው። የገንዘብ ችግር ያጎሳቆለው ወጣት አባት ነበር። የፓሪሱ የሳሎን ዐውደ ርእይ ዳኞች ሥዕሉን አልተቀበሉትም። ዛሬ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ ሰው ከሩቅ እየመጣ ያየዋል።

በሥዕሉ ላይ የአጥሩ ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊ ነው። ሠዓሊው ያጋነነ መስሎኝ በዕረፍት ሰዓቴ ወደ ውጭ ወጣሁ። ፀሐይ ነበር፤ በዚህ ወር እዚህ ብርቅ ነው። የብስክሌት ማቆሚያው ብረት በረዶው ላይ ጥላውን ጥሏል። ሰማያዊ! ለካ ፀሐይዋ በቀጥታ የማትደርስበት ቦታም ከሰማዩ የሚወርድ ብርሃን አለው፤ በረዶው ነጭ ስለሆነ ያንኑ ቀለም መልሶ ያሳያል። ሦስት ክረምት በዚያ ጥላ ላይ ስመላለስ አንድም ቀን አላየሁትም።

ያን ጊዜ ኀዘኔ ተነሣልኝ ብዬ አልመሰክርም። እኛ ምስክርነት ስንሰጥ መጨረሻውን ማሳመር እንወዳለን፤ የእኔ ግን ገና አላለቀም። ብቻ እዚያው ቆሜ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ወር ብቻ ብታቆያት ምን ነበረበት?» አልኩት። በቁጣ ነው ያልኩት። ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ጸሎቴ ይህች ነበረች።

ጓንት ስላላደረግሁ እጄ ደነዘዘ፤ ተመልሼ ገባሁ። ማታ ለእህቴ ደወልኩና ስለ ቀብሩ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። እስከዚያ ቀን ልትነግረኝ ስትጀምር ስልኩን እዘጋባት ነበር።