ከኬዙ ጋር በነጻ የሚመጣው ዕቃ

የጌም ኮምፒውተር የዋጋ ዝርዝር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ፣ ዕድሜው 14 ያለፈ ልጅ ቤታችሁ ውስጥ ካለ ብዙም አትቆዩም፣ ታያላችሁ። የእኔ ልጅ ዝርዝሩን የላከልኝ በቴሌግራም ነው፤ እሱ ሳሎን፣ እኔ ማዕድ ቤት ሆነን። ዘጠኝ መስመር ነበረው። አንደኛው መስመር ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ የጠቅላላውን ዋጋ ሲሶ ለብቻው ይዟል። ከዚያ ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ ይከተላሉ። ከማውሱ በታች፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ «ፓወር ሰፕላይ፦ ከኬዙ ጋር በነጻ ይመጣል» ይላል።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ «በነጻ» የሚል ቃል ሳይ ዓይኔ እዚያው ላይ ይቆማል።

ገንዘቡ ግን የእሱ ነበር፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የሁለት ዓመት የበዓል ስጦታውን አጠራቅሟል፣ የሰፈር ሕፃናትን ሒሳብ እያስጠና የሚያገኛትን ጨምሯል፣ እህቴ ከቨርጂኒያ የተወሰነ ልትደግፈው ቃል ገብታለች፣ እኛ ደግሞ የጎደለውን። ባለቤቴ «ልጁ ለፍቶ ያጠራቀመው ነው፣ ተይው የፈለገውን ይግዛ» አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ በራሱ ገንዘብ ሊገዛ ሲነሳ እናቱ በትእዛዝ ብትከለክለው፣ ሁለተኛ ዝርዝሩን አያሳያትም። ስለዚህ ከመከልከል ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፦ «ከእነዚህ ዘጠኝ ዕቃዎች ውስጥ ቢበላሽ ሌላውን ይዞ የሚሄደው የትኛው ነው?»

አሰበበት። ራም ቢበላሽ ራም ይቀየራል። ኪቦርድም እንደዚያው። ግራፊክስ ካርዱ ቢሞት ብቻውን ይሞታል፣ ሐዘኑ ቢበዛም። «እሱማ ፓወር ሰፕላዩ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የምናውቀው ነገር ነበር። ከእኛ በታች ያለ ፎቅ ላይ የሚኖር ጓደኛው፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አንዴ «ጧ» ብሎ ቀርቷል። ፓወር ሰፕላዩ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ። ቤተሰቡ ሁለቱን ለመተካት ስድስት ወር ፈጅቶበታል።

ለማያውቀው ልንገራችሁ። ከግድግዳችን የሚመጣው ኃይል 220 ቮልት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ግን በዚህ አይሠሩም፤ የሚፈልጉት 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ነው፣ ያውም ከፍ ዝቅ የማይል። ያንን 220 ተቀብሎ አሳንሶና አስተካክሎ የሚያድለው፣ ኬዙ ጥግ ላይ የተቀመጠው የብረት ሳጥን ነው። ሁሉም የሚበሉት ከእሱ ነው። ጥሩው ሳጥን ቮልቱ ሲበዛ፣ ሽቦ ሲነካካ ወይም ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ራሱን ያጠፋል። ርካሹ ላይ ግን ይሄ ጥበቃ ወይ የለም፣ ወይ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ወደ ገበያ ወጣን። የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ወጣት ትሑት ነው፤ ኬዙን ከነሳጥኑ አወረደልን። «እናቴ፣ 600 ዋት ነው፣ ይበቃችኋል፤ ሁሉም የሚወስደው ይሄንን ነው» አለኝ። ፓወር ሰፕላዩን ብድግ ሳደርገው ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም አይበልጥም። ክብደት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ውስጡ ያለው ትራንስፎርመርና የሙቀት ማብረጃ ብረት ክብደት አለው፣ ሲቀል ምን እንደጎደለ መጠየቅ ይገባል።

ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነብልኝ ልጄን ጠየቅኩት። በትልቁ 600 ዋት ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ሠንጠረዥ አለ፤ ገዢ ሁሉ ማየት ያለበት እሱን ነው። በአሁኑ ጊዜ ኮምፒውተር ውስጥ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን የሚሸከመው የ12 ቮልቱ መስመር ነው። ያ ሳጥን በ12 ቮልት መስመሩ 20 አምፔር ነው የሚሰጠው። ስልኬን አውጥቼ አባዛሁት፦ 240 ዋት። ቀሪው ከ5 እና ከ3.3 ቮልቱ የተደመረ፣ ብዙም የማይፈለግ ቁጥር ነው። ሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ድምር ሲያይ ስም አለው፤ እዚህ አልጽፈውም።

ልጄ የራሱን ስልክ አወጣ። የመረጠው ካርድ አርቲኤክስ 4060 ቲአይ 160 ዋት ይወስዳል። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰሩ ላይ 65 ዋት ቢጻፍም ሥራ ሲበዛበት ከዚያ ያልፋል፣ 80 አለው። ለፋኖቹ፣ ለራሙ፣ ለዲስኩና ለማዘርቦርዱ 40 ጨመረ። 280 መጣ። ስልኩን አሳየኝና ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም። ሻጩን አመስግነን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው የከበደው። በጀቱ ከዚህ አያልፍም፣ ተነጋግረናል። በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ 4060 ቲአይ 399 ዶላር፣ ያለ ቲአይ ያለው 4060 ደግሞ 299 ዶላር ነበር። ልዩነቱ መቶ ዶላር ነው፤ አንድ ደህና 650 ዋት ፓወር ሰፕላይም ከዚያ አካባቢ ዋጋ አለው። ማለትም ወይ ካርዱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ወይ ያንን ቀላል ሳጥን መቀበል። ለእኔ ምኑም አያጠያይቅም። እሱ ግን ቲአይዋን አንድ ዓመት ሙሉ በቪዲዮ ሲያያት ከርሟል። ጓደኞቹ ቤት ሲመጡ «ምን ካርድ ነው?» ይሉታል እንጂ «ፓወር ሰፕላይህ ምንድን ነው?» የሚል የለም። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን እንደገና ላከልኝ፤ አንደኛው መስመር ላይ ካርዷ ያለ ቲአይ ተጽፋለች፣ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ከማውሱ ሥር ወጥቶ ሁለተኛ ሆኗል። ያን ዕለት የሚወደውን ቅቅል ሠራሁለት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አሁን ወደ ምርጫው። 4060 ካርድ 115 ዋት ብቻ ነው የሚወስደው፤ ኢንቪዲያ ራሱ ከእሷ ጋር 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲገጠም ይመክራል። እኛ 650 የወሰድነው ነገ ካርዱን ቢቀይር ሳጥኑ እንዳይቀየር ብለን ነው። 12 ቮልቱ ላይ 54 አምፔር አለው፤ አባዙት፣ 648 ይመጣል። ሐቀኛ መለያ ማለት እንዲህ ነው። 1000 ዋት ሊሸጥልን የሞከረም ነበር። ለዚህ ኮምፒውተር ትርፉ ለሻጩ ነው።

እናቴ 650 ዋት ሲባል ሰምታ «በቆጣሪው ላይ ሌላ ምጣድ ልትጨምሩ ነው እንዴ?» አለች። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚህ ነው። ግን ያ ቁጥር ሳጥኑ የሚችለው ነው እንጂ ሁልጊዜ የሚበላው አይደለም። ኮምፒውተሩ 250 ዋት ከፈለገ ሳጥኑ ያንን ይሰጣል፣ ከግድግዳው የሚስበውም ከዚያ ትንሽ በልጦ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ሲግል ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ኮምፒውተሩ አሥር ሰዓት ቢጫወቱበት ነው የሚበላው። (ለልጄ ይሄን ስሌት ባልነግረው ይሻለኝ ነበር፤ አሁን ለክርክር ይጠቀምበታል።)

«ትንሽ በልጦ» ያልኩት ነገር ላይ ነው ብሮንዝ፣ ጎልድ የሚባሉት ማዕረጎች የሚመጡት። 80 ፕላስ የሚባለው ምልክት ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሳጥኑ ከግድግዳ ከሚወስደው ኃይል ስንቱን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስና ስንቱን ሙቀት አድርጎ እንደሚያባክን ይለካል። ጎልድ በግማሽ ጭነት 90 ከመቶ ያህሉን ያደርሳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ምልክቱ ቁጠባን እንጂ ጥበቃን አይለካም። ማዕረጉን አይታችሁ ብቻ አትግዙ። የዋስትናውን ዘመን እዩ፤ አምራቹ 7 ወይም 10 ዓመት ካለ በራሱ ዕቃ ተማምኗል ማለት ነው። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በጭራሽ። ካርድ ያገለገለ ይገዛል፣ ይሄ ግን አይገዛም።

ዕቃውን ያመጣችው እህቴ ናት፣ ለገና ስትመጣ። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ አንድ ነገር አስነብቡ፦ መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መሆኑን። ዛሬ ያሉት ጥሩዎቹ በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው፤ አሜሪካም አዲስ አበባም ይሠራሉ። አንዳንድ ርካሾችና አሮጌዎች ግን ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አላቸው፤ 115 ላይ ቀርቶ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ የሚሰማው ድምፅ ጥሩ አይደለም። ገመዱ የአሜሪካ ሶኬት ይዞ ይመጣል፣ አያስጨንቃችሁ፤ ከሞኒተርና ከፕሪንተር ገመድ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚሁ ይገኛል።

ይሄ ሰፊ መግቢያ ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። እኛ ቤት ምጣድ በሚጣድበት ቅዳሜ የሳሎኑ አምፖል ይደክማል፤ ቮልቱ ወርዷል ማለት ነው። 100 ድረስ የሚቀበል ሳጥን ያንን አይቆጥረውም። ጨርሶ ሲጠፋ ግን ሳጥኑ የሚይዘው የሰከንድ ቅንጣት ያህል ብቻ ነው፤ ለዚያ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ዩፒኤስ ስትገዙም ያው የመለያ ጨዋታ አለ፦ 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ 360 ዋት አካባቢ ነው፣ ዋቱን ጠይቁ። ብትችሉ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለውን ዓይነት ውሰዱ፤ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ከርካሽ ዩፒኤስ ጋር አንዳንዴ አይስማሙም።

ገጥመን በጨረስን ማግስት ትንሿ ልጄ የኬዙን ብረት ነክታ «እማዬ፣ ይነዝራል!» አለች። ክው አልኩ። አዲሱ ዕቃ ነው ብዬ ሳልደርስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰውየው ሶኬቱን ለክቶ ግራውንዱ የተገናኘ አለመሆኑን አገኘ፤ ቀዳዳው አለ፣ ሽቦው የለም። ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ያለው የማጣሪያ ክፍል ጥቂት ኃይል ወደ ግራውንድ ያወርዳል፤ መውረጃ ሲያጣ ብረቱ ላይ ይቀራል፣ እጅ ሲነካው ይነዝራል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም፣ ግራውንድ የሌለው ሶኬት የእውነት ብልሽት ቢመጣም ማንንም አያድንም። የሦስት ክፍል ሶኬቶች አስተካክሎ ሄደ። ለኮምፒውተሩ ባይሆን ኖሮ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ግራውንድ እንደሌለው እስከ ዛሬ አናውቅም ነበር።

ከዕቃው ጋር የመጡት ትርፍ ኬብሎች አንድ ከረጢት ሙሉ ናቸው። እነሱን ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል ጋር መቀላቀል አይቻልም፤ በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ቢሆንም በሳጥኑ በኩል ያለው አሰላለፍ ከአምራች አምራች ይለያል፣ ቢገባም ያቃጥላል። ልጄ ከረጢቱ ላይ በማርከር «ማንም እንዳይነካ» ብሎ ጽፎ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጦታል። የታችኛው ፎቅ ጓደኛው ባለፈው ሳምንት አንድ ኬብል ሊዋስ መጥቶ ነበር፤ በር ላይ ቆመው ሃያ ደቂቃ ሲያስረዳው ሰማሁት። ባዶ እጁን ነው የመለሰው።