አባቴ ሦስት ጊዜ ነገረኝ



ስለ እርጋታ የሚጻፍ ብዙ ነገር አነባለሁ። አብዛኛው «ስልክህን አጥፋ፣ ቀስ በል፣ ለራስህ ጊዜ ስጥ» ይላል። ክፉ ምክር አይደለም። እኔ ግን ያለ ፈቃዴ ስልኬ ጸጥ ብሎ፣ ሥራዬ ቆሞ፣ መንገድ ተዘግቶብኝ ቀስ እንድል የተገደድኩበት ጊዜ አለ። ያኔ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ያደግኩት ቢቸና ነው። አባቴ ሸማኔ ነው፤ የእሱም አባት ሸማኔ ነበር። በጎጃም ያለን ሙስሊሞች ብዙዎቻችን ከሽመና ወይም ከንግድ ቤት የወጣን ነን። በድሮው ሥርዓት የመሬት ርስት ለሙስሊም ስለማይደርስ፣ መወርወሪያና ሚዛን ርስታችን ሆኑ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ መቀመጥ አልፈለግኩም። ትንሽ የስልክ ዕቃ መሸጫ ከፈትኩ፤ ቻርጀር፣ ከቨር፣ ኤርፎን፣ ሚሞሪ።

ቀኔ እንዲህ ነበር። ሱብሒ ሰግጄ ገና ጫማዬን ሳላደርግ ስልኬ እጄ ላይ ነው። መርካቶ ላለው አከፋፋይ በቴሌግራም ትዕዛዝ እልካለሁ፤ ለሦስት ሰው በአንድ ጊዜ እመልሳለሁ፤ ምሳዬን ቆሜ እጎርሳለሁ። ዙህር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ ብትጠይቁኝ አፍራለሁ። ግንባሬ ምንጣፉን ሳይነካ ልቤ ሱቅ ደርሷል። ማታ ደግሞ እስክተኛ ድረስ ቲክቶክ።

ያ ዓመት 2015 ነበር። በዚያ ዓመት አባቴ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ነገረኝ።

መጀመሪያ ከእራት በኋላ ነው፤ «ዓይኔን ደመና ደመና ይለኛል» አለኝ። «እሺ አባዬ፣ እናየዋለን» አልኩት፤ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ሁለተኛው በረመዷን፣ ካፈጠርን በኋላ ነው፤ «መብራት ሳይ ዙሪያው ይበተንብኛል» አለኝ። «ኢንሻአላህ ከዒድ በኋላ ባሕር ዳር እወስድሃለሁ» አልኩት። ዒድ አለፈ። ሦስተኛው ሱቄ በር ላይ ነው። ደንበኛ ይዤ ነበር። ገና አፉን ሲከፍት «አባዬ፣ አሁን ሰው ይዣለሁ» አልኩት። «እሺ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» ብሎ ሄደ።

«ኢንሻአላህ» የሚለውን ትልቅ ቃል ሰው ለማሰናበቻ ተጠቀምኩበት። አላህ ይማረኝ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል። የሱቄ መደርደሪያ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። «ጊዜ ባገኝ ቁርኣን እሐፍዛለሁ፣ ጊዜ ባገኝ ከቤተሰቤ ጋር እጫወታለሁ» እያልኩ ስመኘው የነበረው ጊዜ ይኸው መጣ።

ታዲያ ምን ሠራሁበት? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምንም። ዳታ እንደሌለ እያወቅኩ በየደቂቃው ስልኬን አወጣለሁ። ቁርኣን ከፍቼ ግማሽ ገጽ ሳልደርስ እነሳለሁ። ሶላቴ ደግሞ እንደ ድሮው ሩጫ ነው። የሚጠብቀኝ ደንበኛ የለ፣ የምልከው መልእክት የለ፣ ግን እሮጣለሁ። አንድ ቀን ካሰላመትኩ በኋላ «የት ልትደርስ ነው?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልስ አጣሁ። ጥድፊያው ከስልኩ መስሎኝ ነበር። ስልኩ ዝም ሲል ጥድፊያው እኔ ጋ ቀረ።

በዚያ ሰሞን ከዐስር በኋላ አባቴ ዘንድ ሄጄ የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅ ሆኜ እንኳ እንደዚያ ቀን ተቀምጬ አላየሁትም። ለካ አባቴ ቀርፋፋ አይደለም! መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይበራል፤ እግሩ ከታች ይረግጣል፤ እጁ ያጠብቃል። ፈጣን ነው፤ ግን አይጣደፍም። ድር ሲበጠስ ሁሉም ይቆማል። ክሩን ይፈልጋል፣ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

«አንድ ክር ቢያመልጥህ ምን አለበት?» አልኩት።

«አሁንማ አይታይህም፤ ሰው ጋቢውን ሲለብሰው ነው የሚታየው» አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ድሩ እንደገና ተበጠሰ። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሰ፤ ወዲህ ዳበሰ፣ ወዲያ ዳበሰ። «እስቲ ና ልጄ፣ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ክሩ ፊት ለፊቱ ነበር።

ያኔ ሦስቱም ንግግሮቹ አንድ ላይ መጡብኝ። የኔ ድር የተበጠሰው ከወራት በፊት ነው፤ እኔ አልፌው ስሸምን ቆይቻለሁ።

መድረሳ ሳለሁ የተማርኩት ሐዲስ ትዝ አለኝ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ እንደዘገቡት፣ አንድ ሰው መስጂድ ገብቶ ተጣድፎ ሰገደ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰላምታውን መለሱለትና አልሰገድክምና ተመልሰህ ስገድ አሉት። ሦስት ጊዜ መለሱት። በመጨረሻ አስተምረኝ ሲላቸው፣ በሩኩዕም በሱጁድም እስኪረጋ ድረስ እንዲቆይ አስተማሩት። ሰውየው ቆሟል፣ አጎንብሷል፣ ግንባሩን መሬት አስነክቷል። ያጣው እርጋታን ነው። እኔም ለአባቴ «እሺ» ብያለሁ፤ ግን አልሰማሁትም።

ሌላም አለ። ኢቃም ሲባል ብንሰማ እንኳ በእርጋታ እየተራመድን እንድንሄድ እንጂ እንዳንሮጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ የደረስንበትን እንሰግዳለን፣ ያመለጠንን እንሞላለን። ወደ አላህ ቤት ካልተሮጠ፣ እኔ ወዴት ነበር የምሮጠው?

የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ነገር ግን እኔ ጊዜ ባገኘሁበት ሰዓት መንገድ ጠፋ። ብዙ ወራት ጠበቅን። በእነዚያ ወራት ከአባቴ አጠገብ እየተቀመጥኩ የተበጠሰውን ክር እፈልግለት ጀመር። እሱ ይሸምናል፣ እኔ እቋጥራለሁ። ሶላቴንም ከዚያው ጀመርኩ፤ ሩኩዕ ላይ ጀርባዬ እስኪያርፍ፣ ከሩኩዕ ስነሳ ቀጥ እስክል። መጀመሪያ ጭንቅ ነበር። ከሳምንታት በኋላ የቀኑ አምስት ማረፊያ ሆነልኝ።

በመጨረሻ መንገዱ ሲከፈት በሌሊት ተነስተን በደብረ ወርቅ አድርገን ወደ ባሕር ዳር ተጓዝን። ሞጣ ላይ መኪናው ለምሳ ሲቆም ዙህርን ከጀመዓው ጋር ሰገድን። ሞጣ በታኅሣሥ 2012 መስጂዶች የተቃጠሉባት ከተማ ናት። ከአጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ሱጁዳቸውን ሲያረዝሙ እርጋታ ማለት ችግር ያልነካው ሰው ስጦታ አለመሆኑ ገባኝ።

ሐኪሙ «ቀደም ብለው ቢመጡ ይቀል ነበር» አለን። አባቴ ወደ እኔ አልዞረም፤ አንድም ቃል አልተናገረም። በማግስቱ የቀኝ ዓይኑ ፋሻ ሲነሳ ትንሽ ዝም ብሎ አየኝና «አንተ ልጅ፣ ከስተሃል እኮ!» አለኝ። አልሐምዱሊላህ። ስንት ጊዜ ሳያየኝ እንደኖረ ያኔ አወቅኩ። እኔም ሳላየው።

አሁን ኢንተርኔቱም ተመልሷል፣ ሱቁም ተከፍቷል፣ ግርግሩም አለ። ሥራዬን አልተውኩም። ሰልማን ለአቡ ደርዳእ ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም መብት አላቸው፤ ለሁሉም የድርሻውን ስጥ ብሎ ሲመክረው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነቱን ነው ብለዋል። ሚዛን ማለት ይኼ ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ስልኬ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ሰው ሲያናግረኝ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ። አንዳንዴ እረሳለሁ፤ ያኔ አባቴ መወርወሪያውን ያቆምና ዝም ብሎ ያየኛል። አሁን ያያል።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ በዚህ ሳምንት «እሺ፣ ኢንሻአላህ» ብለህ ያለፍከው የማን ንግግር ነው? አባትህ ወይስ እናትሽ? መንገዱ ክፍት ሳለ ተመለሱና «ምን ነበር ያላችሁኝ?» በሏቸው።

አላህ በሶላታችንም በቤታችንም እርጋታን ይስጠን፤ ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን። አሚን።