ውጭው የሚጠበቅበት ከተማ፣ ውስጡ የሚጠበቅበት ደብር

አሁን የምኖርባት አሌክሳንድሪያ ከዋሽንግተን ዲሲ ፖቶማክን ተሻግሮ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1749 የተቆረቆረች የቨርጂንያ ከተማ ናት። ሥራቸው ዲሲ፣ አዳራቸው እዚህ የሆነ ሐበሾች ብዙ ነን። ኦልድ ታውን የሚባለው አሮጌው ሰፈሯ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። እዚያ ቤት ያለው ሰው ከመንገድ የሚታየውን የቤቱን ገጽ ልለውጥ ሲል ለከተማው አመልክቶ ማስፈቀድ አለበት። ሕጉ ግን ደጃፉ ላይ ይቆማል። ውስጡን እንዳለ አፍርሶ እንደ አዲስ ቢሠራው ቅርስ ጠባቂዎቹ አይጠይቁትም።

አገሬ ጋይንት ያለው ልማድ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩት በአካባቢው እንደሚታወቁት ክብ ደብሮች ነው። ክቡ ያቀፈው ግን ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ በአክሱማውያን ስልት የታነጸ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አይቶት ስለ እሱ ከጻፈ በኋላ የውጭው ዓለም «ተገኘ» አለ። ለካህናቱና ለተማሪው ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያም ናት። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር ሰው ድጓውን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። ተማሪው ከየአገሩ ስንቁን ይዞ ይመጣል፣ ጎጆ ይቀልሳል፣ ከመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ግድግዳው ቆሞ ነዋሪው ይለዋወጣል፤ ቤተልሔም ውስጥ ደግሞ ትምህርቱ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ደብሩን በሰው ያቆየዋል።

ይህን የምጽፈው በውጭ ላለነው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ነው። ለትውልድ ደብራችን ስናዋጣ ቶሎ የሚታየን አዲስ የሲሚንቶ ሕንፃ ነው። ፍላጎቱ ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን አሮጌው ከፈረሰ በኋላ ዶላር አይመልሰውም። ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የሚፈርሰው ክፍል ዕድሜውና ሥዕሉ ተመርምሯል ወይ? ሽማግሌዎቹና ካህናቱ፣ የቅርስ ባለሙያም ጭምር፣ አይተውታል ወይ? ሁለተኛ፣ ከመዋጮው ለአብነት መምህሩ ደመወዝ፣ ለተማሪው ቀለብና ልብስ የተመደበ አለ ወይ?

የአሌክሳንድሪያ ሰዎች የቤትን ውጭ ከማፍረስ በፊት መጠየቅን ሕግ አድርገውታል። እኛም በየማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ እናስገባው፤ ከጎኑም የተማሪውን ቀለብ እንጻፍበት።