የበርበሬው ብር የገዛው ክኒን

ታናሽ ወንድሜ ቆሼ ነው የሚሮጠው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ዳር ይሮጣል። ባለፈው ዓመት ደወለልኝና «ጋሼ፣ ከልምምድ በኋላ እግሬን በጣም ያመኛል። ልጆቹ ቫይታሚን ይወስዳሉ፣ ለኔም ላክልኝ» አለኝ።

እናታችን በርበሬ ሸጣ ያጠራቀመችውን ብር ላከች። እኔም አዲስ አበባ ካለ አንድ ፋርማሲ ባለ 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ገዛሁ። ጋዜጠኛ ነኝ፤ እንጀራዬ መጠየቅ ነው። ያን ቀን ግን አልጠየቅኩም።

የጠየቅኩት ቆይቼ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰው ረጅም ሲሮጥ ጡንቻው ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ይበዛሉ፣ ጡንቻውም ይቆጣል። አንቲኦክሲዳንት እነዚህን ቅንጣቶች ያከሽፋል። እስከዚህ ድረስ ክኒን ሻጩ አልዋሸም። ያልነገረን ግን ቅንጣቶቹ መልእክተኛም መሆናቸውን ነው። «ሥራው ከብዶኛል፣ አቅም ጨምር» የሚለውን መልእክት ለሴሉ ያደርሳሉ። ሴሉም ሰምቶ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉትን የኃይል ማመንጫዎቹን ያበዛል። ልምምድ የምንለው ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኖርዌይ ጥናት 54 ሰዎችን ለ11 ሳምንት አሠልጥኖ ነበር። ከፊሎቹ በየቀኑ 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ እና 235 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኢ ወሰዱ፤ የቀሩት ምንም የሌለበት ክኒን። ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በሁለቱም ወገን እኩል አደገ። ቫይታሚን የወሰዱት ጡንቻ ውስጥ ግን የሚቶኮንድሪያ እድገት ምልክቶች ተገትተው ተገኙ። ስለዚህ «ክኒኑ ሯጭ ይገድላል» ብዬ አልምልም። ገንዘብ ከፍሎ የልምምድን መልእክት ማፈን ግን ምን ይባላል?

ለሕመሙስ? ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ጥናቶችን ገምግሞ፣ አንቲኦክሲዳንት ከስፖርት በኋላ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም የሚቀንሰው ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው ብሏል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ሃንጋሪያዊው አልበርት ሰንት ጆርጂ በ1930ዎቹ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከበርበሬ ነበር። በ1937 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እኛ የማረቆን በርበሬ ሸጠን ክኒን ገዛን።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩለት። «ክኒኑን ተወው። ብሩን ለእንቁላልና ለወተት አድርገው። ሲያምህ ደግሞ እረፍ» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ታዲያ ስትገዛው ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ግን ለወንድማችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።