የአያቴ ሽጉጥ እና የእኔ ቦርሳ

«ላፕቶፕህ ውስጥ ክተታት» አለኝ አጎቴ። ቦርሳውን ማለቱ ነው።

2013 ዓ.ም. ነው፤ ዳንግላ፣ የአያቴ አርባ በወጣ ማግስት። ክተታት ያለኝ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለችውን የአያቴን ሽጉጥ ነው። አጎቴ የሚኖረው እንጅባራ ነው፤ የበኩር ልጅ ስለሆነ ለእሱ እንደምትገባ ማንም አልተከራከረም። ችግሩ መንገዱ ነበር። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መሃል ላይ ፍተሻ። ከአዲስ አበባ የመጣ ኮምፒውተር የያዘ ልጅ ደግሞ ማን ብሎ ይፈትሸዋል?

እምቢ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው፤ ፍርሃቴን ግን በሕግ ሸፈንኩት። ሌሊቱን አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ስልኬ ላይ ሳነብ አደርኩ። (ሥራ ቦታ ከማነባቸው መመሪያዎች ብዙም አይከፋም።) ድሮ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ መገኘት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 808፣ ከደንብ መተላለፎች ጋር ነበር የሚታየው። አዲሱ አዋጅ ግን እስራት ያለበት ወንጀል አድርጎታል። ያስገረመኝ «መያዝ» የምትለዋ ቃል ናት። እኛ ቤት ሽጉጥ ሳጥን ውስጥ ያለውም «ይዟል»፣ ወገቡ ላይ የሻጠውም «ይዟል»። ሕጉ ማጓጓዝንም ለብቻው ይቆጥረዋል።

ጠዋት «ጋሼ፣ ፈቃዱ እኮ የአባባ ነው እንጂ የሽጉጧ አይደለም» አልኩት። እንደ አካውንት ነው፤ የይለፍ ቃሉን ስላወቅከው ያንተ አይሆንም። ይህን ለአጎቴ ማስረዳት ግን ከባድ ነው።

«በሬውን ስወርስ ማን ፈቃድ ጠየቀኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ደግሞ እኔስ ማን ነኝ? በቀብሩ ዕለት ጥይት ተተኩሷል። እኛ ዘንድ ያለ ተኩስ የተቀበረ ሽማግሌ እንደ ተዋረደ ነው የሚቆጠረው። ሕዝብ በተሰበሰበበት መሣሪያ ይዞ መገኘትን አዋጁ ይከለክላል። ያን ቀን አዋጅ የጠቀሰ ሰው አልነበረም። እኔ እንዲያውም አያቴ በመከበሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሕግ አክባሪ የሆንኩት ተራው የእኔ ቦርሳ ሲደርስ ነው። አጎቴም ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ሳይናገረኝ ዋለ።

በማግስቱ ግን ራሱ ቀስቅሶኝ ፖሊስ ጋ አብረን ሄድን። ሽጉጧን አስረከብን፤ ቁጥሯ ተመዘገበ። ቀጥሎ የፈቃድ ወረቀቱን ጠየቁን። ወረቀቱ ላይ የአያቴ ፎቶ አለ፤ ጺሙ ገና ጥቁር ነው። የጉልምስና ፎቶው ያ ብቻ ነው።

አጎቴ ወረቀቱን ለፖሊሱ ሊሰጥ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «ይችን እንኳ በስልክህ አንሳልኝ» አለኝ።

ሁለቴ አነሳሁት። የመጀመሪያው ደብዝዞ ነበር።