ጁገል ያስታወሰን ዕዳ



ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ለብቻቸው ጉዞ ሲወጡ በብዙዎቻችን ቤት እንደ ቅብጠት ይቆጠራል። «ገንዘቡ ለልጆቹ ጫማ አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኛም ለዘጠኝ ዓመታት ይህንኑ ስንል ኖረናል። ይሁንና ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር በሩጫ እንደተወዳደሩ በሐዲስ ተዘግቧል። የኡማው ሸክም በጫንቃቸው የነበረ መልእክተኛ ለባለቤታቸው ጊዜ ካገኙ፣ የእኛ ሰበብ ምን ሊሆን ነው? በዚህ ሐሳብ ተበረታትን፣ የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ለአያታቸው አደራ ሰጥተን ወደ ሐረር ተነሣን። እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በሚኒባስ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን ሐሙስ ማታ ጁገል ገባን። የምናወጋችሁ ስለ ማግስቱ፣ ስለ ጁሙዓው ቀን ነው።

ከፈጅር እስከ ጁሙዓ

ያደርነው ለእንግዳ ክፍል በሚያከራይ የሐረሪ ቤተሰብ ዘንድ ነበር። ለፈጅር የቀሰቀሰን አንድ አዛን አይደለም። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሦስተኛው ይቀበለዋል። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ አርባ ስምንት ሄክታር በምትሆነው በዚች ግቢ ውስጥ 82 መስጊዶች መኖራቸው ተጽፏል። ቁጥሩን ከመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ገና ሳይነጋ በጆሮ መስማት ግን ሌላ ነው።

ከሶላት በኋላ እናታችን (የቤቱን እመቤት እንዲህ ነበር የምንጠራቸው) ፈጢራ ከማር ጋር፣ ከቡና ገለባ ከሚፈላው ሐሸር ቃሕዋ ጋር አቀረቡልን። የተቀመጥነው ነደባ በሚባለው መደብ ላይ ነው። በሐረሪ ቤት መደቡ ከፍና ዝቅ እያለ አምስት ደረጃ አለው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ግድግዳው በሰሌን ስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚሰቀል ምንጣፍ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ሲባል ሰምተን ስለነበር ቀና ብለን አየን። ምንም አልነበረም። እናታችን ሁኔታችንን ተረድተው «ሁሉንም ድሬ ጨረስኩ፣ አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሳቁ።

ከዚያም ከሳሎኑ ጎን ያለችውን ትንሽ ክፍል አሳዩን። ክርታት ትባላለች፤ የሙሽሮች ናት። በድሮው ወግ አዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያዎቹን ቀናት በርሷ ውስጥ ያሳልፉ ነበር። «እናንተስ፣ ልጆቼ፣ ስንት ዓመት ሆናችሁ?» አሉን። «ዘጠኝ» አልን። ያን ጊዜ ስለ ኒካሓችን ሌሊት ጥቂት ተጨዋወትን፤ ከጨዋታው አንዱ ነገር ግን ሳይነሣ ታለፈ። ለምን እንደታለፈ የገባን ከቀትር በኋላ ነው።

ጠዋቱን በእግር ዞርን። ከተማዋን የከበበውን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ሾዓ በርንና ሰንጋ በርን አየን። በግንቡ ሥር ለጅብ መተላለፊያ ተብለው የተተዉ ቀዳዳዎችም አሉ፤ የእነርሱን ነገር ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ከዚያ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቧቸው ቅርሶች ወደሚታዩበት ሙዚየም ገባን። በእጅ የተጻፉ ቅዱስ ቁርኣኖች፣ የቆዳ ጥራዞች፣ የሐረር አሚሮች ያስቀረጿቸው ሳንቲሞች ይገኙበታል። በትምህርት ቤት ስለ ሐረር አንድ ገጽ ያህል ተምረን ነበር፤ በመድረሳ ደግሞ ኪታብ ቀርተናል። ሁለቱ ትምህርቶቻችን በአንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ያየነው እዚያ ነው። ያንን ሁሉ ኪታብ ቁጭ ብሎ በቀለም ብዕር የጻፈ፣ የጠረዘና የጠበቀ ሰው አለ። ተማሪዎቻችንን እዚህ ሳናመጣ መቅረታችን ቆጨን።

ጁሙዓን በታላቁ ጃሚዕ ሰገድን። መንገደኛ ጁሙዓ ግዴታ ባይሆንበትም፣ እዚያ ሰፍ ውስጥ መቆም አምልጦን ቢሆን ኖሮ ይቆጨን ነበር።

ከወርቅ ቤቱ ደጃፍ

ከምሳ በኋላ ገበያ ወጣን። በጊዲር መጋላ ሥጋ ቤቶች አካባቢ ጭልፊቶች ከሰማይ ተወርውረው ከሰው እጅ ሥጋ ይነጥቃሉ፤ ዘንቢላችንን ደብቀን አለፍን። መኪና ግርግር በተባለው መንገድ የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር ወዲያና ወዲህ ይንጫጫል፤ የሰፈሩን ስም ያወጣለትም ይኸው ጫጫታ ነው። ለልጃችን ቀሚስ አሰፋን፤ ለአያቷም የሰሌን ስፌት ተከራክረን ገዛን። የቀረን ገንዘብ ለሳሎን ምንጣፍ የያዝነው ነበር።

ከሁለታችን ሚስት የሆነችው በአንድ ወርቅ ቤት መስኮት ፊት ቆመች። ባል የሆነው «ዋጋው አይቀመስም፣ እንሂድ» አለ። እርሷም ድምጿን ሳታሰማ «ቀለበቴ ዕዳ ነው ወይስ ተረስቷል?» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኒካሓችን ዕለት መህሩ ሲነገር ከፊሉ ተከፈለ፤ አምስት ግራም የወርቅ ቀለበት ግን «ሲመች» ተብሎ ቀረ። ከዚያ ኪራይ መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ሕመም መጣ። ሲመች የተባለው ቀን ሳይመጣ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ባልየው «ቤቱን አብረን አቆምን፣ ከቀለበት የሚበልጥ አላደረግሁም ወይ?» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። ሽርሽሩ እዚያው የተበላሸ መሰለን።

ዝም እንዳልን ከግድግዳ ግድግዳ ክንድን እስከሚነካ በሚጠብ መንገድ ላይ ደረስን። ጎን ለጎን መሄድ ስላልተቻለ ተራ በተራ ሆንን። ከወዲያ ማዶ እንጨት የተሸከመች እናት ስትመጣ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ፊት ለፊት ቆምን። እናታችን ጠዋት የነገሩን ትዝ አለን። የተጣሉ ሰዎች በዚህ መንገድ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ ስለማይችሉ የእርቅ መንገድ ይሉታል ብለውን ነበር። ሴትዮዋ ካለፈች በኋላም ከቦታችን አልተንቀሳቀስንም።

«ተይልኝ ብትለኝ ምናልባት እተውልህ ነበር» አለች ሚስት። «ያሳዘነኝ ሳትጠይቀኝ መተውህ ነው።»

ለዚህ መልስ አልነበረም። የተማርነው ፊቅህም ከእርሷ ጋር ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ አራተኛው አንቀጽ መህርን ለሴቶች በስጦታነት እንድንሰጥ አዟል፤ በፈቃዷ ከርሱ የለቀቀችልንን ነገር መጠቀምም ፈቅዷል። ፈቃድ ግን ከዝምታ የተለየ ነው። መህር የሚስት የራሷ ንብረት ነው። አባቷም ሆነ ወንድሟ መብት የላቸውም። ባል ሳይከፍል ቢሞት እንኳ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት እንደ ማንኛውም ዕዳ ከሀብቱ ይወጣል። ይህን ለተማሪ እያስተማርን በገዛ ቤታችን ዘጠኝ ዓመት ተኝተንበታል።

ወደ ወርቅ ቤቱ ተመለስን። የወርቅ ዋጋ ከሠርጋችን ዘመን ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ዕዳው ደግሞ በብር ሳይሆን በግራም ነው። የዘገየ ዕዳ እንዴት እንደሚከብድ ባልየው በሚዛን አየው። የምንጣፉ ገንዘብ ለሁለት ግራም ጉትቻ በቃ። ሚስትም በቀለበቱ ፋንታ ጉትቻውን ወዳ ተቀበለች። ማታ የቀሩትን ሦስት ግራሞችና የሚከፈሉበትን ጊዜ በወረቀት ጻፍን። አላህ በሱረቱል በቀራ ዕዳ እንዲጻፍ ያዘዘው ለባዕድ ብቻ አይደለም።

የማታው እንግዳ

ከመግሪብ በኋላ ከግንቡ ውጭ ጅቦች ወደሚመገቡበት ሄድን። ሰውየው በየስማቸው ይጠራቸዋል፤ በእንጨት ጫፍ ሥጋ ሲዘረጋላቸው ቀርበው ይወስዳሉ። ሐረሮች በዓሹራ ገንፎ እንደሚያቀርቡላቸውም ሰማን። የጠዋቱ የግንብ ቀዳዳ ያኔ ገባን። ሰው ግንብ ሲያሠራ የጅቡን መንገድ አልረሳም። ባልየው ቀስ ብሎ «ለጅብ እንኳ ድርሻው ተጠብቆለታል» አለ። ሚስትም ጉትቻዋን ነካ አድርጋ ሳቀች፤ በዚያ ቀን ከሰማነው ሳቅ ሁሉ ይህኛው ጣፈጠን።

እናታችን ለእራት ሁልበት መረቅ ሠርተው ጠበቁን፤ አብሽ የገባበት መረቅ ነው። ከአንድ ሳህን በላን። ሳሎናችን ዛሬም ያለ ምንጣፍ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ሽርሽር መውጣት ለሁሉም አይመቸውም፤ ሐረርም ለሁሉም ቅርብ አይደለችም። ነገር ግን ከልጆች ጫጫታና ከሥራ ሩጫ ርቆ ባልና ሚስት ፊት ለፊት የሚቆሙበት አንድ ቀን ያስፈልጋል። በየቤታችን «ሲመች» ተብሎ የቀረ ነገር አለ። ለማግባት የምትዘጋጁ ወጣቶችም ልትከፍሉት የማትችሉትን መህር ለስም ብላችሁ አትጥሩ፤ የጠራችሁትን ደግሞ ጻፉት፣ ክፈሉት። ባልም «ተይልኝ» ለማለት እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ዕዳውን ያስታውስ።

አላህ (ሱ.ወ.) ያለብንን ሐቅ ሳንጠየቅ የምንወጣ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።