የ13ኛው ወር ዝናብ

ኢትዮጵያን ለውጭ ጎብኚ ያስተዋወቀው መፈክር «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በንጉሡ ዘመን ሲያወጡት የታሰበው ግልጽ ነው፤ ጳጉሜንም ቆጥሮ፣ ብርድ ለሰለቸው ፈረንጅ ፀሐይ መሸጥ። በገበያ ዓይን ድንቅ ሥራ ነበር። ችግሩ መፈክሩ ሰማዩ ለወራት የሚጠቁርበትን ክረምት መዋጡ ነው። እኛም ቀስ በቀስ የራሳችንን ወቅት በእንግዳ ዓይን ማየት ለመድን፤ ጉዞ ሲነሣ «ክረምቱ ይውጣና» እንላለን። (መፈክሩን «የ13 ወር ፀጋ» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው ግን ሳያስበውም ቢሆን አርሞታል፤ ዝናብም ፀጋ ነውና።) እኔ የምሟገተው ለዚያ ለተዋጠው ወቅት ነው። በተለይ አርባን ለተሻገረ ሰው፣ የጉዞም የዕለት ተዕለት ደስታም ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው ባይ ነኝ።

ከጢስ ዓባይ ልጀምር። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ፏፏቴ በፖስታ ካርድ ላይ ያለውን መልክ የሚይዘው በክረምትና ከክረምቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። በ1956 የመጀመሪያው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ ውኃው ወደ ተርባይኖቹ ስለሚጠለፍ፣ በበጋ የሄደ ሰው ከጥቁሩ ገደል ላይ ቀጭን ጅረት ብቻ ሊያገኝ ይችላል። «ፀሐይ ስትወጣ» ብሎ የጠበቀ ተጓዥ ሊያየው የሄደውን ነገር በገዛ ጥንቃቄው አጣው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በጫንጮ አድርጎ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚወስደው የ100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም እንዲሁ ነው። በጥር ቢጫ የነበረው ሜዳ በነሐሴ ውኃ ያቆረ አረንጓዴ ይሆናል፤ ጭላዳዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ለጋ ሣር ይነጫሉ፤ ጉም ሸለቆውን ሞልቶት ይቆይና ድንገት ሲገለጥ፣ በበጋ ያልነበሩ ፏፏቴዎች ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ።

የክረምት ደስታ ግን ያን ያህል መራቅም አይጠይቅም። ማንኛውም የከተማ ማዕዘን ላይ የበቆሎ እሸት የምትጠብሰውን ሴት ማየት ይበቃል። በአንድ እጇ በካርቶን ቁራጭ ከሰሉን ታራግባለች፤ በሌላው በቆሎውን ታገላብጣለች። አንዱ ጎን ጠቁሮ ሲሰነጠቅ ሌላው ገና ወተት ነው። ከላስቲኩ ጫፍ የሚንጠባጠበው ዝናብ ፍሙ ላይ ሲያርፍ ጭሽ ይላል። የተጠበሰው በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ ቅጠሉ ሳህንም የእጅ ማሞቂያም ነው። ብርዱ ባይኖር ይህ ምግብ ግማሽ ጣዕሙን ያጣል፤ መስከረም ካለፈ ደግሞ ፍሬው ይጠነክርና ለዱቄትና ለንፍሮ ይሆናል። እሸት አይቀመጥም። ያመለጠው ሰው ዓመት ይጠብቃል።

ለምን ጎልማሳውን ለይቼ እንዳነሣሁ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወጣት ተጓዥ አዲስ ቦታ ይፈልጋል፤ ያላየው ብዙ ነውና ትክክል ነው። ጎልማሳ ግን ወጣቱ የሌለው አንድ ሀብት አለው፤ ያንኑ ተዳፋት ደረቅም ለምለምም ሆኖ ደጋግሞ አይቶታል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ይታየዋል። ሒሳቡም ሌላ ነው። በአርባ አምስት ዓመቱ ሰባ አምስት እደርሳለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ሠላሳ ክረምት ቀርቶታል። ሠላሳ የእሸት ወቅት፣ ሠላሳ የቡሄ ሙልሙል፤ ይህ በጣትና በመቁጠሪያ የሚያልቅ ቁጥር ነው። ክረምቱን በሙሉ «እስኪወጣ» እያለ ያሳለፈ ሰው ከቀረው ዕድሜ ሩቡን በፈቃዱ ይሰርዛል።

«ክረምት ከቤት የሚከተትበት ነው፤ አባቶቻችንም አይወጡም ነበር» የሚለውን መልስ እሰማለሁ። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። ወንዝ ሲሞላ መንገድ ይዘጋ እንደነበር እውነት ነው፤ ሆኖም የቁልቢ ገብርኤል ሁለተኛው ንግሥ የሚውለው ሐምሌ 19 ነው፤ ምእመናን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚጎርፉት ነሐሴ 24 ነው። ከዋሽንግተንም ከፍራንክፈርትም የሚመጣው ወገን ፈቃድ የሚያገኘው በዚሁ ጊዜ ነው፤ እሱ «ሰመር» ብሎ ቲሸርት ይዞ ይወርዳል፣ እኛ ሹራብ ይዘን እንቀበለዋለን። ጸጥታው ባልተረጋገጠበትና ጎርፍ በቆረጠው መንገድ ሂዱ ማለቴ ግን አይደለም። ቅርብ ቦታ መምረጥም ጉዞ ነው።

የገንዘቡ ጥያቄ ይከብዳል። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የእንቁጣጣሽ በግ፣ ሁሉም በነሐሴና በጳጉሜ ተሰልፈው ይመጣሉ። ስለዚህም ነው ሙግቴ ከሆቴል ይልቅ ወደ በቆሎና ወደ ደርሶ መልስ ሚኒባስ ያዘነበለው። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የገበሬው ነው። ለከተሜው ለምለም የሆነው ሐምሌ ለብዙ ገበሬ ጎተራ የሚጎድልበት፣ ጤፍ የሚዘራበትና አረም ጀርባ የሚያጎብጥበት ወር ነው። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። በመኪና መስኮት ያየነውን አረንጓዴ እያደነቅን ጭቃ ውስጥ ለቆመው ሰው «እንዴት ያምራል!» ማለት ነውር ነው። ግን ቤት መቀመጣችን ለእሱ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ መንገድ ዳር ቆመን እሸቱን ሳንከራከር መግዛታችን ይሻላል።

ክርክሩ ሁሉ ተጠቃልሎ የሚታይበት ቀን ጳጉሜ 3 ነው፤ የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት። በዚያ ቀን የሚወርደው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይወጡበታል፤ እናቶች ከጣሪያው ውኃውን በባልዲ ይቀበሉታል፣ ለሊጥም ጠብ ያደርጉበታል። ጎልማሳው ብዙ ጊዜ በረንዳ ላይ ነው። ነገ ጉንፋን ቢይዘኝስ ብሎ ያሰላል፤ ጫማውን ያያል፤ ከዚያ አንድ እጁን ከጣሪያው ጠርዝ አሳልፎ ይዘረጋል።